በቆርኪ የምታስተምረው የ5ኛ ክፍል ተማሪ

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር መጨረሻ ላይ አክስቴን ለመጠየቅ በሰሜን ሸዋ ወደምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ ሄጄ ነበር። ከተማ ያልኳት በአክብሮት ነው። አንድ መንገድ፣ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ሁለት ሻይ ቤትና ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆም ገበያ አላት፤ ከቤቶቹ ጓሮ በኋላ ወዲያው የጤፍ ማሳ ይጀምራል። ከቀኑ በ10 ሰዓት ገደማ ከአክስቴ ደጃፍ ተቀምጬ ቡናው እስኪፈላ ስጠብቅ ከጐረቤት አጥር ሥር የልጆች ድምፅ ሰማሁ። ጨዋታ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ሥርዐት ነበረው። አንዲቱ ትናገራለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ብድግ ብዬ ብመለከት ዐሥራ አንድ ዓመት የሚሆናት፣ የተማሪ ቤት ልብሷን ገና ያላወለቀች ልጅ አምስት ሕፃናት ከፊቷ አስቀምጣ በመሬት ላይ የለስላሳ ቆርኪ ትደረድራለች።

«ስንት ነው?» ትላለች። «አራት!» ይላሉ። አንዱን ቆርኪ በመዳፏ ሸፈን አድርጋ «አሁንስ?» ስትል አራቱ ዝም አሉ። አምስተኛው፣ አፍንጫውን በእጅጌው የሚጠርገው ትንሽ ልጅ፣ «አራት ነው፤ አንዱን ደብቀሽዋል» አላት።

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «የተደበቀውን ተወው፤ የሚታየውን ቍጠር» አለችው።

«እትዬ፣ ይህቺ ልጅ ምን እያደረገች ነው?» ብዬ አክስቴን ብጠይቃት፣ «ታስተምራለች እንጂ!» አለችኝ፤ እንዲህ ያለውን ግልጽ ነገር መጠየቄ ገርሟት። «ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ከተማሪ ቤት አዝዘዋት ነው። ያ አፍንጫው የሚፈሰው የተከራዮቼ ልጅ ነው፤ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ በሩ ላይ ተገትሮ ይጠብቃታል።»

አንድ ሕፃን ከምሳ ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ከእኛ ከምሩቃኑ መካከል ስንታችን እንደ ሆንን እንጃ።

አሠራሩ «ልጅ ለልጅ» ይባላል። ሐሳቡ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1978 በለንደን ዩኒቨርስቲ የሕፃናት ጤና ተቋም ነው። ከጠንሳሾቹ ዋነኛው በናይጄሪያ ገጠር ለዓመታት የሠሩት የሕፃናት ሐኪም ፕሮፌሰር ዴቪድ ሞርሊ ነበሩ። የሚቀጥለው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዓለም የሕፃናት ዓመት ብሎ የሰየመው ስለ ነበረ፣ ብዙ ሰው ለሕፃናት ምን እናድርግላቸው እያለ ይመክር ነበር። እነዚህ ሰዎች ጥያቄውን ገልብጠው ጠየቁት። ሕፃናት ራሳቸው ምን ያደርጋሉ? ሐኪሙ በሄዱበት መንደር ሁሉ ያዩት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም እናት ወደ ማሳ ወይም ወደ ገበያ ስትሄድ ታናሹን አዝላ የምትውለው ታላቂቱ እኅት ናት። ልጅቱ አገልግሎቱን አስቀድማ ጀምራዋለች፤ የጐደላት ዕውቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕውቀቱን ለእርሷ መስጠት ነው የሚሻለው አሉ።

የሰጧትም ዕውቀት የልጅ ልክ ነበረው። ለምሳሌ ያህል ታናሽ ወንድሟ በተቅማጥ ቢታመም ምን ታድርግ? በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣ፣ ሕፃኑን ጥቂት በጥቂት ታጠጣዋለች። ከማጠጣቷ በፊት ግን ራሷ ትቀምሰዋለች፤ ከዕንባ በላይ ጨው ጨው ካለ ደፍታ እንደ ገና ትሠራዋለች። የዕንባን ጣዕም የማያውቅ ልጅ የለምና ከዚህ የተሻለ መለኪያ ለልጅ ሊገኝ አይችልም። (ዛሬ በየጤና ጣቢያው የታሸገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ስለሚገኝ እርሱን ማስቀደም ነው፤ የቤቱ ብጥብጥ እርሱ በታጣ ጊዜ ነው።) እንዲሁም ልጆቹ ሦስት ጣት ያለው ምልክት ከካርቶን ቀድደው፣ ጣቶቹን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጐን እያዞሩ ጓደኞቻቸው ከሩቅ ያዩት እንደ ሆነ ይፈትናሉ። ሰነፍ ሲባል የኖረው ልጅ ሰሌዳው የማይታየው ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ መድኃኒቱም ቢያንስ ለጊዜው ከኋላ ወንበር አንሥቶ ከፊት ማስቀመጥ ነው።

ወደ አገራችንም ስንመጣ የትራኮማ ነገር አለ። በዚህ የዐይን በሽታ ብዛት ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ከፍተኛውን ሸክም ከተሸከሙት አገሮች ግንባር ቀደም ናት። በሽታው ከሕፃን ዐይን በሚወጣው ፈሳሽ አማካይነት በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ የሚታወሩበትም ምክንያት ሕፃናትን አቅፈው የሚውሉት እነርሱ በመሆናቸው ነው። እንግዲህ ከተማሪ ቤት የተመለሰች የ4ኛ ክፍል ልጅ የታናሽ ወንድሟን ፊት በየቀኑ ብታጥብ፣ የእርሱን ብቻ ሳይሆን የራሷንም ዐይን ትጠብቃለች ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጣሳ ውሃ ነው። ውሃው ከየት ይመጣል የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

የቆርኪው ትምህርት ከዚሁ ግንድ የበቀለ ቅርንጫፍ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ዩኒሴፍ ሐሳቡን ሕፃናትን ለ1ኛ ክፍል ለማዘጋጀት አውሎ በስድስት አገሮች ሞከረው። እነርሱም ባንግላዴሽ፣ ቻይና፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ታጂኪስታን፣ የመንና ኢትዮጵያ ናቸው። ከፍ ያለ ክፍል የሚማረው ልጅ በአስተማሪው እየተመራ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ በሰፈሩ ያሉትን ገና ተማሪ ቤት ያልገቡ ሕፃናት ሰብስቦ ቀለምን፣ ቅርጽን፣ ቍጥርንና የፊደልን መጀመሪያ በጨዋታ ያሳያቸዋል። መሣሪያው ጠጠር፣ የባቄላ ፍሬ፣ ቆርኪና ጭቃ ነው። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጕዳይ ሚኒስቴሮች ስለ ሕፃናት አስተዳደግና ትምህርት አንድ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያም በኋላ መዋዕለ ሕፃናት በሌለበት ገጠር ከአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች ጋራ የተያያዘው «ዜሮ ክፍል»ና ይኸው «ልጅ ለልጅ» እየተስፋፉ ሄዱ።

በእውነቱ ነገሩ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በየኔታ ዘንድ ፊደል የቈጠረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የኔታ ዳዊት ደጋሚዎቹን ሲሰሙ ሀ ሁን ለጀማሪው የሚያሳየው ከፍ ያለው ተማሪ ነው። አቡጊዳውን የጨረሰ ፊደል ላይ ያለውን፣ መልእክተ ዮሐንስ የደረሰ አቡጊዳ ላይ ያለውን እየያዘ፣ አንድ መምህር ብዙ ልጅ ያስተምር ነበር። የአክስቴ ጐረቤት ልጅም ሳታውቀው የዚህ ሥርዐት ወራሽ ናት፤ ልዩነቱ የኔታ አጠገቧ አለመቀመጣቸው ነው። ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስለን።

ስለ አገልግሎት ስናወራ እኛ ወጣቶች የምንጠቅሰው ትልልቁን ነው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርስቲ አገልግሎት ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልከው ነበር፤ አብዛኛውም በአስተማሪነት ነው ያገለገለው። በታኅሣሥ ወር 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከሃምሳ ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎችና አስተማሪዎች ወደ ገጠር ወጡ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። የእነዚያ ዘማቾች ታሪክ ደግና ክፉ ያለበት ሰፊ ታሪክ ነውና እዚህ አልገባበትም። የልጅቱ ዘመቻ ከቤቷ እስከ አጥሯ ነው፤ ስለዚህም ማንም አይሸኛትም፣ ማንም አይቀበላትም።

በጃፓን የአንደኛ ደረጃ ልጆች ክፍላቸውንና መተላለፊያውን ራሳቸው ጠርገው፣ ወለሉን በጨርቅ ወልውለው ያጸዳሉ። በብዙ ሰፈሮችም የ6ኛ ክፍል ልጅ ጠዋት ጠዋት የሰፈሩን ታናናሾች በሰልፍ አስከትሎ ወደ ተማሪ ቤት ያደርሳቸዋል። አንድ ቀን ቢቀር ሰልፉ ያለ መሪ ይቆማል። ይህን የጠቀስኩት ጃፓንን ለማመስገን ሳይሆን፣ ልጁ ቢቀር የሚጐድል ነገር መኖሩን ለማሳየት ነው።

ይህን የመሰለ ነገር በልጅነቴ አላየሁም። እኔ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው ተማሪ ቤት፣ ከትምህርት በኋላ ችግኝ እንድንተክል ታዘዝን። ቆብና ብስኵት ታደለን። እንግዶች መጡ፤ ንግግር ተደረገ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን። እኔም የተከልኩትን ችግኝ ለይቼ ለማወቅ ከሥሩ አንድ ነጭ ድንጋይ አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ውሃ የሚያጠጣው ማን እንደ ሆነ የነገረን አልነበረም፤ የጠየቅንም አልነበርንም። በሚቀጥለው ክረምት እንደ ገና ወጣን፤ አስተማሪው «እዚህ ቈፍር» ብሎ ያሳየኝ ቦታ ላይ ነጩን ድንጋይ አገኘሁት። በ6ኛ ክፍልም በዚያው ጕድጓድ ለሦስተኛ ጊዜ ተከልኩ። መሬቱ ለስላሳ ስለ ነበረ ቍፋሮው አላደከመኝም። በሦስቱም ዓመት ተማሪ ቤታችን የተከለው ችግኝ ሲደመር ብዙ እንደ ነበረ እርግጠኛ ነኝ፤ እኔ ብቻዬን ሦስት ነኝና።

ከዚያ ልማድ የተማርኩት ዛፍ መትከልን አልነበረም። የተማርኩት ሥራ ማለት እንግዳ ሲመጣ የሚታይ ነገር መሆኑን ነው፤ ይህንም ትምህርት ለመርሳት ዩኒቨርስቲ እስክገባ ፈጀብኝ። ልጅን አገልግሎት እናስተምራለን ስንል ልብ ልንለው የሚገባን አደጋ ይህ ነው። የደረቀ ችግኝ መጥቶ በር ላይ አይቆምም። ያ አፍንጫው የሚፈሰው ሕፃን ግን ይቆማል።

አሁን ወደ ውሃው ልመለስ። በዚያች ከተማ ያደረች የ5ኛ ክፍል ልጅ ከተማሪ ቤት ስትመለስ ሥራ ፈት አይደለችም። የልጅቱን ቀን ከአክስቴ ጠይቄ ተረዳሁት። ከመንጋቱ በፊት ተነሥታ በጀሪካን ውሃ ትቀዳለች፤ ከተማሪ ቤት መልስ ቤት ትጠርጋለች፤ ማታ ወጥ ትጠብቃለች፤ ጥናቷ ከዚያ በኋላ ነው። ወንድ ቢሆን ኖሮ ከብት ይጠብቅ ነበር። እንግዲህ በከተማ ኑሮ ለጠገበ ልጅ «ከትምህርት በኋላ ኅብረተሰቡን አገልግል» ማለት ጥሩ ምክር ሊሆን ይችላል፤ ለዚህች ልጅ ግን አገልግሎት በአገልግሎት ላይ መጨመር ነው። ሞርሊና ባልደረቦቻቸው አስበውት የነበረው የልጅቱ ልማድ ብልኀት እንዲጨመርበት እንጂ ሸክሟ እንዲከብድ አልነበረም።

ታዲያ ከማክሰኞና ከሐሙስ ምን ታገኛለች? ይህንኑ ራሷን ጠየቅኋት። አንገቷን ደፍታ ጥቂት ካሰበች በኋላ «መቀነስ ይገባኝ አልነበረም፤ ለእነርሱ ሳስረዳ ገባኝ» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መምህርት ይሉኛል» አለች። ይህን ስትል ፊቷን ላየ ሰው ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው እንደሚበልጥ ግልጽ ነው።

በማግሥቱ በዩኒቨርስቲ አብሮኝ የተማረና አሁን በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሚሠራ ጓደኛዬን አገኘሁት። ወረዳውን አልጠራም፤ እርሱ ቅን ሰው ነው፤ ጥፋትም አልሠራም። ስለ ልጅቱ ስነግረው ደስ ብሎት አንድ ቅጽ አሳየኝ። በቅጹ ላይ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚል ርእስ አለ፤ ከሥሩም መዋዕለ ሕፃናት፣ ዜሮ ክፍል፣ ልጅ ለልጅ የሚሉ ዓምዶች ተሰልፈዋል። ከየተማሪ ቤቱ የሚመጣው ቍጥር በየዓምዱ ይገባል፣ ይደመራል፣ ወደ ላይ ይላካል። በትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ የስታቲስቲክስ መጽሐፍም ለዓመታት እነዚህ ሦስቱ መንገዶች በየራሳቸው ተቈጥረው በቅድመ አንደኛ ደረጃ ተሳትፎ ድምር ውስጥ ይገቡ ነበር።

በዓምዱ ላይ ያለው አኀዝ እውነት ነው፤ አምስቱ ሕፃናት አሉ። ነገር ግን በአንደኛው ዓምድ ያለው አምስት ማለት የሠለጠነች አስተማሪ፣ ክፍልና ወንበር፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። በሦስተኛው ዓምድ ያለው አምስት ማለት አንዲት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ አጥር ሥር፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ቤት ሥራ ካልበዛባት ማለት ነው። ድምሩ ላይ ሲደርሱ አምስትና አምስት ዐሥር ይሆናሉ። ጓደኛዬን «ልጅቱ ባትመጣስ?» አልኩት። «ቅጹ የሚሞላው በዓመት አንድ ጊዜ ነው» አለኝ። ወዲያውም የተናገረው ነገር ለራሱ ሳይገርመው አልቀረም፤ ቅጹን አጥፎ ወደ መሳቢያው መለሰው።

ለገና በዓል እንደ ገና ወደ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ማክሰኞ ቀን ስለ ነበረ ከአጥሩ ሥር ያለውን ድምፅ ጠበቅሁ፤ የለም። «ከኅዳር ወዲህ ቀርቷል» አለችኝ አክስቴ። ነገሩ እንዲህ ነው። አጨዳ ሲደርስ የልጅቱ እናት በቀን ሙያተኛነት ወደ ጤፍ አጨዳ ወጣች፤ ገና ጡት ያልጣለው ወንድሟ በልጅቱ ጀርባ ላይ ቀረ። ራሷም ከተማሪ ቤት የቀረችበት ቀን ጥቂት አይደለም። በመከር ወራት በገጠር የክፍል ወንበር እንደሚራቈት ማንም አስተማሪ ያውቀዋል፤ ከ5ኛ ክፍል የቀረች ልጅ ግን ስትቀር ከእርሷ ጋራ አምስት ሕፃናት እንደሚቀሩ የሚያውቅ የለም።

በበኩሌ «ልጅ ለልጅ» ይቅር የምል አይደለሁም። መዋዕለ ሕፃናት በሌለበት አገር አጥር ሥር የተማረ ሕፃን ካልተማረው ይሻላል፤ ልጅቱም መምህርት መባልን ካጣች የሚተካላት ነገር አይታየኝም። ዳሩ ግን ይህን ሥራ የሚመሩት በየጽሕፈት ቤቱ የገባነው እኛው ወጣቶች ነንና፣ ወጪ የማይጠይቁ ጥቂት ነገሮች ማድረግ እንችላለን። አንዲት ልጅ ብቻዋን ከምትመደብ ሁለት ልጆች አብረው ቢመደቡ አንዷ ስትቀር ሌላዋ ትተካለች። አጨዳው ባለበት ወር ሥራው በይፋ ቢዘጋና ከጥር በኋላ ቢቀጥል ልጅቱም የጥፋተኛነት ስሜት አያድርባትም። ሥራውን የሚከታተለው አስተማሪ ከመደበኛ ክፍለ ጊዜው አንዱ ተቀንሶለት በሳምንት አንድ ቀን እየዞረ ቢያያቸው፣ የኔታ አጠገብ ተቀመጡ ማለት ነው። በቅጹም ላይ ከሕፃናቱ ብዛት ጐን የተማሩበት ቀን ብዛት አብሮ ይጻፍ። ያን ጊዜ አኀዙ ያንሳል፤ የሚያንስ አኀዝ ይዞ ወደ አለቃ መግባት ደግሞ እንደማያስደስት አውቃለሁ። ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «አንተ ጋዜጣ ላይ ጻፈው፤ እኔ ቅጹ ላይ ልጻፈው?» ብሎ ሳቀ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ጥያቄው ተገቢ ነውና።

ወደ አዲስ አበባ የምመለስበት ዕለት ከቀትር በኋላ ዕቃዬን ስሰበስብ ከአጥሩ ሥር ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ብመለከት ያ የተከራዮቹ ልጅ የወተት ጣሳ ሙሉ ቆርኪ ከፊቱ ዘርግፎ፣ አራቱን ጓደኞቹን በተርታ አስቀምጧል። «ስንት ነው?» ይላል። «አምስት!» ይላሉ። እርሱም ተንኰሉን ከማን እንደ ተማረ በሚያስታውቅ ሁኔታ ሁለቱን በመዳፉ ሸፍኖ «አሁንስ?» አለ። አራቱም አንድ ላይ «አምስት!» ብለው ጮኹ።

ከአጥሩ ወዲያ፣ ወንድሟን አዝላ ስኒ የምታጥበው ልጅ ቀና ሳትል «የሚታየውን ቍጠሩ» አለቻቸው።